«አፍኗል» ያልነው ማይክ

ሰበታ መናኸሪያ አጠገብ በነበረው የድምፅ ማጉያ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አሠሪዬ ጋሽ ንጋቱ መጀመሪያ ያዘዙኝ ነገር «ተናገሪ» የሚል ነበር። ማይክራፎኑን እጄ ላይ አስቀመጡና ወደ ድምፅ መቀላቀያው ሚክሰር ሄዱ። ከደብረ ታቦር ከመጣሁ ገና ወር አልሞላኝም። ሰው ፊት ቀና ብዬ ማውራት የማልችል ልጅ በድምፅ ማጉያ ምን እላለሁ?

«ምን ልበል ጋሼ?»

«ያሻሽን። ሄሎ በይ፣ አንድ ሁለት በይ።»

እኔ የማውቀው ሥራ ሲጀመር የሚባለውን ነው። ዓይኔን ጨፍኜ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» አልኩ። ስፒከሩ ወደ መንገዱ ዞሮ፣ ድምፁም እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ኖሯል። ዓይኔን ስገልጥ የታክሲ ሰልፈኛው ግማሹ እያማተበ ነው። አንድ ወያላ ኮፍያውን አውልቆ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጋሽ ንጋቱ ጠረጴዛውን ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«በቃ፣ እማሆይ ቀጥረናል» አሉ።

ስሜ በዚያው ቀረ። ሳልመነኩስ እማሆይ ሆንኩ። ዛሬም ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ያሉ የሙያ ባልደረቦቼ ሌላ ስም እንዳለኝ የሚያውቁ አይመስለኝም።

ያ ቤት ለሠርግና ለለቅሶ ሞንታርቦ ያከራያል፣ የተበላሸ ይጠግናል፣ አሮጌ ዕቃ ገዝቶ ይሸጣል። ማዕረጉ ግልጽ ነበር። ታች ጫኝ አለ። ከሱ በላይ ገመድ ዘርጊ፣ ከሱ በላይ ሚክሰር ላይ የሚቀመጠው። ከሁሉም በላይ ካውያ ይዞ የሚበይደው ጠጋኝ ነው። እኔ የገባሁት ገመድ ለመጠቅለል ነው። ገመድ ክርን ላይ አይጠመጠምም፤ ውስጡ ያለው ስስ ሽቦ ይጠማዘዝና አንድ ቀን በሠርጉ መሀል ይበጠሳል። ራሱ ወደሚዞርበት እየተከተሉ በሰፊው ነው የሚጠቀለለው። ይህን ከለመድኩ በኋላ የኤሌክትሪክ መለኪያውን ቴስተር አስያዙኝ፤ እያደር ካውያውን። ጋሽ ንጋቱ የሚያውቁትን የሚደብቁ ሰው አልነበሩም። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ።

የመጀመሪያ የኦሮምኛ ቃሌንም ያገኘሁት ከዚያው ነው። አንድ የፉሪ ገበሬ ራዲዮናቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «ሰገሌ ሂንቀቡ» አሉኝ። ስደናገር ጊዜ ጋሽ ንጋቱ ከውስጥ ሆነው «ድምፅ የለውም ነው የሚሉሽ» አሉ። ሰገሌ፣ ድምፅ። እናቴ ስትደውል «እዚያ አገር ምን ለመድሽ?» ብትለኝ ያቺኑ ቃል ነገርኳት።

በሙያችን ዕቃ የሚመዘነው በሁለት ቃል ነበር። ደንበኛው «ይጮሃል ወይ?» ይላል። የሠርግ ደጋሽም፣ የሰበካ ጉባኤውም፣ ልብስ ዘርግቶ የሚቸበችበውም ጥያቄያቸው አንድ ነው። ይጮሃል ከተባለ ተሸጠ። አፍኗል ከተባለ ግን አለቀለት። ማይክ ሲያረጅ፣ እርጥበት ሲገባው፣ ከብርድ ልብስ ሥር ሆኖ የሚያወራ ሰው ይመስላል፤ አፍኗል የምንለው ያንን ነው። አፍኗል የተባለ ማይክ ጥግ ወዳለው ካርቶን ይወረወራል፤ ለመለዋወጫ ካልሆነ የሚያነሣው የለም። እኔም ማይክ ባገኘሁ ቁጥር በስመ አብ እላለሁ፤ ቃሉ አንድ በአንድ ጥርት ብሎ ካልወጣ፣ ወደ ካርቶን።

ጋሽ ንጋቱ ሲደክማቸው ቤቱን ዘጉ። እኔ ቡራዩ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየሁ። የሥራ ጠረጴዛቸውን፣ ቴስተራቸውንና ካውያቸውን መርቀው ሰጡኝ። ያንን ካርቶንም መኪናው ላይ አስጫኑት።

«ጋሼ፣ ይኼ ቆሻሻ ደግሞ ምን ያደርግልኛል?»

«ላንቺ ብዬ መሰለሽ? እኔ ቤት ቦታ እንዲለቅ ነው።»

ኦቦ ገመዳ ወደዚያች ሱቅ የመጡት ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ነው። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ረጅም፣ ካፖርት የማይለያቸው። ሱቁን ካዩ በኋላ ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ገለጡት። አርሞኒካ ነው፤ በአፍ ግራና ቀኝ እየተሳበ የሚነፋው።

«አከም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ። ልጄ ሆይ እንደምን አለሽ ማለት ነው። «ይኼን የሚያስጮህ ዕቃ ፈልጊልኝ። ርካሽ ይሁን። ግን ይጩህ።»

«ምን ዓይነት ነው የሚነፉት ኦቦ?»

«ብሉዝ።»

ብሉዝ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እሳቸው እንዳጫወቱኝ፣ በወጣትነታቸው መንገድ ሥራ ላይ የአንድ ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ ሹፌር ነበሩ። ሰውየው ከሥራ ሲመለስ ድንኳኑ ደጅ ተቀምጦ የሚነፋውን እያዩ ለመዱ፤ አገሩ ሲገባ አርሞኒካውን ትቶላቸው ሄደ። «ታዲያ ዜማው ምን ይመስላል?» አልኳቸው።

«ትዝታ ከባድ መኪና ነድቶ ቢያውቅ ኖሮ ብሉዝ ይሆን ነበር» አሉኝ።

«ለሆቴል ነው የሚነፉት?»

«የለም። ለባለቤቴ ነው።»

ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ጆሯቸው እየደከመ ነው። ኦቦ ገመዳ ሲያጯቸው የነፉላቸው በዚሁ አርሞኒካ ነው። ሐኪሙ የቀረውም እየቀነሰ እንደሚሄድ ነግሯቸዋል። «መጀመሪያ የጠፋት ቀጫጭኑ ነው» አሉኝ። «ወፎቹ ጠፏት። ከዚያ የስልኩ ጥሪ። ከዚያ እኔ። ባለፈው ፊቷ ቁጭ ብዬ ስነፋ አይታ አይታ ምን አለች መሰለሽ? ‹ገመዳ፣ በቆሎ እየጋጥክ ነው?›»

ሁለታችንም ሳቅን።

«ጆሮ ውስጥ የሚገባውን መሣሪያስ አልሞከሩም?»

«ተገዝቶላት ነበር። ‹ዝንብ ገባብኝ› ብላ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። እኔ ብዙ አልፈልግም ልጄ። ጨርሶ ሳይዘጋ አንድ ጊዜ ትስማኝ።»

ከሱቄ ያለውን ጥርት ያለ ዕቃ መረጥኩላቸው፤ ሰባኪዎች የሚወዱትን፣ ማጉያው ውስጡ የተገጠመለት የፕላስቲክ ስፒከር፣ ከጥሩ የዘማሪ ማይክ ጋር። በስመ አብ ብዬ ፈተንኩት። እንደ ብርጭቆ ጠራ። «ሞክረን ካልሆነ ይመልሱታል» አልኳቸውና በማግስቱ ተሸክሜ አብሬያቸው ወደ ገፈርሳ አቅጣጫ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ።

አዴ ጫልቱ መስኮት ሥር ካለው የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ቆሜ ቀስ ብዬ ስናገር ከከንፈሬ ያነባሉ። ኦቦ ገመዳ አርሞኒካውን ከማይኩ አጋጥመው ነፉ። ማጉያው በጠባቡ ክፍል ውስጥ የራሱን ድምፅ መልሶ እየዋጠ በፉጨት ጸጥታውን ሰነጠቀው። ወፍ የማይሰሙት ሴትዮ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ምላጭ!» ብለው ጮሁ። «ምላጭ ከተታችሁብኝ!» ወደ እኔም ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ገመዳ ሊገድለኝ ሲያስብ አንቺን ነው የቀጠረው?»

ቀነስኩት። ምንም አልሰሙም። ከፍ አደረግሁት፤ ምላጭ። በመሀል የሚሆን ቦታ ፈልጌ አጣሁ። ገመዱን መጠቅለል ጀመርኩ። ኦቦ ገመዳ አርሞኒካውን በመሐረቡ ሲጠቀልሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

በዚህ መሀል በመንገዱ አንድ መኪና አለፈ። አዴ ጫልቱ ጀርባቸው ወደ መስኮቱ ነው።

«ሲሚንቶ የጫነ ነው» አሉ። «ባዶ ቢሆን እንዲህ አያቃስትም።»

ወጥቼ አየሁ። እውነታቸውን ነው። ተመልሼ ፊታቸው ቆምኩና «ሌላስ ምን ይሰማዎታል?» አልኳቸው።

«ወፍጮ ቤቱን እሰማለሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮ። ላሚቱን። ያንቺን አልሰማም፣ አፍሽ ሲንቀሳቀስ ነው የማየው። የሱን ሳል ግን እሰማዋለሁ፣ ምን ያደርጋል!»

የታክሲው መንገድ ሙሉ ይህንን አሰብኩ። ወፍጮ፣ ከበሮ፣ ላም፣ ሳል። አንዱም ጥርት ያለ አይደለም። እኔ ማይኩን የፈተንኩት በራሴ ቀጭን ድምፅ ነው። የኔ ጆሮ ጥራት የሚለው ለሳቸው ምላጭ ነው። ለሳቸው የሚያስፈልገው ቀጭኑ የወደቀለት፣ ጎርናናው የቀረለት ድምፅ ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ደግሞ በኛ ሙያ ስም አለው፤ አፍኗል ይባላል።

ሱቅ እንደገባሁ የጋሽ ንጋቱን ካርቶን ወለል ላይ ዘረገፍኩት። ከሥር አንድ ክብ ማይክ አገኘሁ፤ ዱሮ መኪና ላይ ሆኖ ማስታወቂያ የሚነግር ሰው ትቶት የሄደ፣ መዳፍ ውስጥ የሚያልቅ። ከዓመታት በፊት እኔው ራሴ ነኝ አፍኗል ብዬ የወረወርኩት። ገመዱን ቀየርኩለት። ክብነቱ ሌላ ጥቅም አለው፤ ነፊው አርሞኒካውንና ማይኩን በሁለት እጁ አንድ ላይ ዘግቶ መያዝ ይችላል። አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ባነሰ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል፤ ከውጭ የሚገባበት ስለሌለም ማጉያው ቶሎ አያፏጭም።

የቀረው የማጉያው ሳጥን ነው። ይኼን ለታናናሾቼ በግልጽ ልንገራችሁ። ለአርሞኒካ ትልቅ ጉልበት ያለው አትፈልጉ። ትልቁ ገና ሳይሞቅ ያፏጫል። ትንሽ የእንጨት ሳጥን፣ የስፒከሩ ፊት ወረቀት የሆነ፣ የድምፅና የቅጥነት ማዞሪያ ብቻ ያለው ይበቃል። ክራር ተጫዋቾች የሚይዙት ዓይነት ነው። የሚገዛበትም ጊዜ አለው። የኛ ሙያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁዳዴ ሲገባ የባህል ዘፈን ቤቶች ዝም ይላሉ፣ ዘፋኙ ሥራ ይፈታል፣ ዕቃውም ዋጋው ይወርዳል። ፋሲካ ሲመጣ መልሶ ይወጣል። ኦቦ ገመዳን «ቅበላ ይለፍና እገዛልዎታለሁ» አልኳቸው። የጡረታ ገንዘብ ነው፤ ታገሡ።

ጾሙ እንደገባ በአዲስ አበባ በኩል ዞሬ ሱሉልታ ወጣሁ። የሱሉልታ ብርድ ነጠላ አይመልሰውም። ዓለሙ የሚባል ክራር ተጫዋች አውቅ ነበር፤ ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣልኝ።

«እማሆይ፣ አንቺ ደግሞ በጾም የዘፈን ዕቃ ትገዣለሽ?»

«አንተ በጾም ትሸጥ የለም እንዴ?»

«እኔማ ተርቤ ነው።»

«እኔስ ጠግቤ የመጣሁ መሰለህ?»

ሳቀና ሳጥኑን በክርኑ አበሰው። የስፒከሩ ወረቀት አንድ ቦታ ተቀዶ በማጣበቂያ ተለጥፏል። «እንዳልዋሽሽ፣ ከፍ ስታደርጊው ይጎረንናል» አለኝ፤ ጉድለቱን መናገሩ ነው። ደስታዬን ዋጥ አደረግሁ። የወረቀቱን ዙሪያ በጣቶቼ ቀስ ብዬ ገፋሁት፤ የሚፋቅ ድምፅ የለም፣ ስለዚህ ውስጡ ደህና ነው። ትራንስፎርመሩን አሸተትኩ፤ የተቃጠለ አይሸትም። ገመዱ የሚሰካበት ጃክ ብቻ ላልቷል፤ ያ በካውያ የሚድን በሽታ ነው።

አሮጌው ማይክ ከሳጥኑ ጋር መጀመሪያ አልተስማማም። የማይኩ ጉልበትና የሳጥኑ መግቢያ ካልተመጣጠኑ ድምፁ ይቀጥናል፤ ብዙ ሰው ይኼኔ ማይኩን ይጥላል። እኔም ልጥለው ነበር። ከዚያው ካርቶን የወጣች አውራ ጣት የምታህል ማመጣጠኛ ትራንስፎርመር በመሀል ስበይድበት ተስማሙ።

ኦቦ ገመዳን ጠራኋቸው። እዚህ ላይ ሌላ ችግር መጣ። እኔ በሁዳዴ ሱቄ ውስጥ ዘፈን አልከፍትም። እሳቸውም ከቅበላ ጀምሮ አርሞኒካውን አስቀምጠውታል።

«ሳልነፋው ምኑን አውቃለሁ?» አሉኝ።

«ዜማ አይንፉ። አንድ ድምፅ ብቻ። አንድ ድምፅ ዘፈን አይደለም።»

«ሁለት ቢሆንስ?»

«ሁለት ከሆነ የንስሐ አባቴን እጠይቃለሁ።»

ፈገግ ብለው አርሞኒካውን ከማይኩ ጋር በመዳፋቸው ከደኑት፤ ከታችኛው ጫፍ አንድ ድምፅ ነፉ። ሳጥኑ ከደረቱ አጉረመረመ። መደርደሪያው ላይ ብሎን የያዘው ጣሳ ተንቀጠቀጠ። ልማድ ሆኖብኝ «አፍኗል» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ጥሩ ነው አልኩ።»

የንስሐ አባቴን ለማንኛውም ጠየቅኋቸው። «ለታመመ ሰው ዕቃ ማዘጋጀት ከምጽዋት ይቆጠራል። ዜማውን ግን ለትንሣኤው አቆዩት» አሉኝ። አቆየነው። ያ ጾም ረዘመብኝ። አንድ ቀን ኦቦ ገመዳ ሱቅ መጥተው ሳይቀመጡ «ወፍጮ ቤቱ ተዘጋ ወይ ብላ ጠየቀችኝ» አሉ። ወፍጮ ቤቱ አልተዘጋም።

«ታዲያ ዛሬውኑ ለምን አይነፉላቸውም?» አልኩ፤ የተናገርኩት እኔ መሆኔ ለራሴም ገረመኝ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከእግዚአብሔር ሰርቄ አላሰማትም። ደግሞ እሷ ራሷ ብትሰማ ታባርረኛለች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዴ ጫልቱን በጸሎቴ አልረሳኋቸውም። ላንዲት ሴት ብሉዝ እንድትሰማ የጸለየ ሰው ከኔ ሌላ ይኖር እንደሆን አላውቅም።

በፋሲካ ማግስት ሄድኩ። ሳጥኑን ከጆሯቸው አላስጠጋሁትም። ወለሉ ላይ፣ ከተቀመጡበት አግዳሚ እግር ጋር አስነክቼ አኖርኩት፤ እንጨት ድምፅ ያሳልፋል። ኦቦ ገመዳን ከሳጥኑ ጀርባ አስቀመጥኳቸው፤ ማይክ ወደ ስፒከሩ ፊት ከዞረ ማፏጨቱ አይቀርም። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን የቅጥነት ማዞሪያ ጨርሼ ዘጋሁት። ድምፁን ከግማሽ አላሳለፍኩም።

ነፉ። ይህን ዜማ ያለ ፉጨት ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነው። ወፍራም፣ ሻካራ፣ ዳገት ላይ ማርሽ እንደሚቀይር መኪና ነው። አዴ ጫልቱ ወደ በሩ አዩ።

«መኪና ነው የመጣው?»

ኦቦ ገመዳ አፋቸው ላይ እንደያዙት ቆሙ። እኔም እጄን ወደ ማዞሪያው ሰደድኩ።

«ለምን አቆምክ?» አሉ አዴ ጫልቱ። «ቀጥል እንጂ!»

ቀጠሉ። አዴ ጫልቱ መዳፋቸውን አግዳሚው ላይ ዘረጉ። ዓይናቸውን ከባላቸው አንሥተው ወለሉ ላይ ጣሉት፤ ከንፈር ማንበብ ትተዋል። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ድንገት ጣታቸውን ቀሰሩ።

«እዚህ ጋ!»

«ምን ሆነ?» አሉ ኦቦ ገመዳ ደንግጠው።

«እዚህ ጋ ሁልጊዜ ትስታለህ። የአባቴ ደጅ ቆመህ ስትነፋም እዚችው ጋ ነው የሳትከው። ይኼን ሁሉ ዘመን አልታረምክም?»

ኦቦ ገመዳ አርሞኒካውን ከአፋቸው አወረዱና ወደ እኔ ዞሩ። «እውነቷን ነው። ስቻለሁ» አሉኝ። ስህተቱን እንደዚያ ደስ ብሎት ያመነ ሰው አይቼ አላውቅም።

«አሁን ደግሞ ሳትስት» አሉ አዴ ጫልቱ። እኔን ግን አጠገባቸው አስቀምጠው እጄን ያዙ። «ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። አመሰግናለሁ ልጄ ማለት ነው። ከቤቴ ርቄ ስኖር ከተመረቅኳቸው ምርቃቶች ሁሉ ይኼ አጭሩ ነው፤ አልረሳውም።

አዴ ጫልቱ እስከ ክረምቱ ድረስ በየሰንበቱ ከሰዓት በኋላ ባላቸውን ሰሟቸው። ጆሯቸው ጨርሶ ከተዘጋም በኋላ መዳፋቸውን አግዳሚው ላይ አድርገው ይከተሉ እንደነበር፣ ያቺን ስህተትም እንደማያሳልፉ፣ ኦቦ ገመዳ ነግረውኛል።

ካርቶኑ አሁን ጥግ ላይ አይደለም፤ ጠረጴዛዬ አጠገብ ነው። ዕቃ ሊመርጥ የሚመጣ ሰው «ይጮሃል ወይ?» ሲለኝ «የሚሰማው ማን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ተቀምጦ ያወራኛል። ማይክ ስፈትን ዛሬም በስመ አብ እላለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ማይኩን ለሚገዛው ሰው እሰጠዋለሁ፤ በራሱ ድምፅ ይሞክረው።